መቀስ ሲያይ የሚያምፅ ጣት

ፀጉር አስተካካዩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ቤት ቆሞ ሠርቷል። እጁ ለስላሳ ስለነበር ደንበኞቹን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

አንድ ጠዋት የአንድ ጡረተኛ መምህር ፀጉር ሲከረክም፣ የቀለበት ጣቱ ሳያዘው ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። መቀሱ ተንሸራቶ የሰውየውን ጆሮ ጫር አደረገው።

"ምነው ልጄ፣ ጆሮዬንም አሳጥርልኝ አልኩህ እንዴ?" አሉ መምህሩ እየሳቁ። እሱ ግን ሳቁ አልመጣለትም።

በማግስቱም ያው ሆነ። ግራ ያጋባው፣ ጣቱ በሌላ ጊዜ ጤነኛ መሆኑ ነው። ማንኪያ ሲይዝ፣ ቁልፍ ሲያዞር፣ በቶንዶስ ማሽን ደንበኛ ሲላጭ እንኳ ምንም አይል። መቀስ ሲያነሳ ብቻ ጥቅልል! ሕመም የለው፣ መደንዘዝ የለው።

ምክር አላጣም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ሆነበት። አንዱ "ብርድ ነው፣ ጓንት አድርገህ እደር" አለው። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ወሬውን ሳያስጨርሰው "ስኳር ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ደመደመ። ተለካ፤ ስኳር የለበትም።

የመጀመሪያው ሐኪም አንገቱን ራጅ አስነሳውና "ንጹህ ነህ" ብሎ አሰናበተው። ሁለተኛው ክንዱን በኤሌክትሪክ እየነዘረ መረመረውና "ነርቭህ የጎረምሳ ነው፤ ጭንቀት ይሆናል፣ እረፍ" አለው። ሁለት ሳምንት አረፈ። ሲመለስ ጣቱ ገና በመጀመሪያው ደንበኛ ታጠፈ።

"ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል!" አለ ለሚስቱ። "እሱ መልአክ፣ እኔ ቀጣፊ!"

"ታዲያ መቀሱን ይዘህ አትሄድም?"

ይህን ራሱ ሳያስበው በመቅረቱ ተናደደ። ሁለት ወር ጠብቆ አንዲት የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮው ሲደርስ፣ መቀሱን በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ፈትሾ አገኘበት።

"ጋሼ፣ ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"ዶክተሯ እንድታየው እኮ ነው!"

"ታማሚው ማነው? እርስዎ ነዎት መቀሱ?"

ባዶ እጁን ገባ። ስፔሻሊስቷ ወጣት ናት። ሳታቋርጠው ሰማችውና የጠረጴዛዋን መቀስ ሰጥታ ወረቀት እንዲቆርጥ ነገረችው። ጣቱ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ የወረቀት ነው፣ ዶክተር!" አለና መቀሱን መለሰላት። "የኔን በር ላይ ነጠቁኝ። ሦስተኛ ሐኪሜ ነዎት። እርስዎም ጤነኛ ነህ ሊሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ልውጣ።"

አልሳቀችበትም። ስልክ አነሳች። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው መቀሱን ይዞ ከች አለ።

"ተቀመጥ" አለችው ጥበቃውን።

"እኔ? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ፀጉርህ አድጓል።"

ጥበቃው ወንበሩን ጨምድዶ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ አንዴ ቆረጠ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ጣቱ ተጠቀለለ።

"አዩት? አዩት አይደል ዶክተር?" ብሎ ጮኸ፣ እንደ ሎተሪ የወጣለት ሰው።

"ኧረ ጆሮዬን!" አለ ጥበቃው።

"ዲስቶኒያ ይባላል" አለች ሐኪሟ። "ጣትዎም ነርቭዎም ደህና ነው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲደጋገም፣ አንጎል ለዚያ ሥራ ብቻ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ አንዳንዴ ይዘባረቃል። እርስዎ የፈጠሩት ነገር አይደለም።"

"ይድናል?"

"ክፉ በሽታ አይደለም። ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ጡንቻውን የሚያላላ መርፌ እንሞክራለን።"

የመጀመሪያው መርፌ በዛበትና ጣቶቹ ዝለው ሦስት ሳምንት ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሚስቱ ሆነች። ያን ጊዜ ሐኪሟንም፣ መርፌውንም፣ ራሱንም ረገመ። በሁለተኛው መጠኑ ተቀንሶለት ትንሽ ተሻለው። አሁን በመቀስ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ጣቱ እሺ አይለውም።

የመቀስ ሥራ ለሚፈልጉ ደንበኞች አንዲት ባለሙያ ቀጠረ። ፈጣን ናት፤ ሰዉም ወዷታል። እሱ በቶንዶስ እየላጨ መቀስ አያያዟን በጎን ያያል። "እንደሱ አይደለም" ሊል አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ይተወዋል።