የአባባ ማሳ ዛሬም ቦምብ አበቀለ

ክቡራትና ክቡራን፣ ከባድ ዜና ስለማሰማ እባካችሁ ቁጭ በሉ።

ዛሬ ጠዋት ከአገር ውጭ በምኖርበት ዌስትላንድስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እያለሁ አባባ ከጅጅጋ ደወሉ። ሲያርሱ ማረሻቸው በደርግ ጊዜ ጦርነት የተቀበረ ቦምብ ገለበጠ።

«ፈነዳ እንዴ?»

«ቢፈነዳማ ማን ይደውልልህ ነበር፣ አንተ ቀልደኛ!»

የቀበረው ወታደር አድራሻ ስላልተወ መመለስ አልተቻለም።

«አባባ፣ በቃ ማረስ ያቁሙ።»

«ዝናቡ ይጠብቀኛል? እንደ አምናው እሾህ ከምሬበት ዙሪያውን እያረስኩ ነው።»

የአምናውንም የሚያነሳው ሰው እስካሁን አልመጣም።

መደንገጥ ነበረብኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። «ማሽላውስ እንዴት ነው?» ብዬ ከማታቱው ወረድኩ።

እናንተስ ቤት ማረሻ ምን አወጣ? ንገሩኝ። የኛ እንኳ ቀላል ነው፤ ማንም አልሞተም፣ ማሳው ብቻ በአንድ የእሾህ ክምር ጠበበ።