ቡሬ የጾመችበት ነሐሴ

የእትዬ አስረሳሽ አንድ ተራ ቀን የሚጠይቃቸው ይህን ነው፦ ከቦቴ የሚቀዳ አምስት ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ማዳበሪያ ሣር፣ ከካስተም ገበያ በቦዳ ቦዳ ሞተር የሚመጣ ፉርሽካ፣ ጠዋትና አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ማለብ። ጉልበታቸውን ማንም ለክቶት አያውቅም። በምላሹ ያለቻቸው አንዲት ላም፣ ቡሬ፣ አሥር ሊትር ያህል ትሰጣለች። አንዱ ሊትር የሁለት ዓመቷ ልጄ የሄቨን ነው። የቀረው መሃል ከተማ፣ ጁባ ታውን፣ አቶ ሥዩም ምግብ ቤት ይሄዳል።

እትዬ የሱሉልታ ሰው ናቸው። ጁባ መጥተው ስድስት ዓመት በሰው ወጥ ቤት ከሠሩ በኋላ ቡሬን ገዝተው እዚህ ጉዴሌ ሰፈር፣ ከእኛ አጥር ጀርባ በረት ሠሩ። "ሽንኩርት ስድስት ዓመት አስለቀሰኝ፤ ቡሬ ግን ስታየኝ እምቧ ትላለች" ይላሉ።

ባለፈው ፍልሰታ ሲገባ ሥዩም ወተት አቆመ። በየዓመቱ የሚሆን ነው። እትዬም "ለማን ብዬ ነው የማልበው?" ብለው የአሥር ሰዓቱን ማለብ ተዉት። ዝናቡ በረቱን ጭቃ አድርጎታል። በስድስተኛው ቀን የቡሬ ግት በግራ በኩል አበጠ፤ ሲነኳት ትራገጣለች። ጥቁር ሳህን ላይ ሲያልቧት ወተቱ እንደ አይብ ፍርፋሪ ወጣ። ለሄቨን የዱቄት ወተት በጠበጥኩና ናዕማን ጠራኋት።

ናዕማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የጁባ ልጅ ብትሆንም አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ግቱን ዳሰሰች፣ የቡሬን ሙቀት ለካች፣ ታሪኩን ሰማችና ቀና አለች።

"ማማ፣ እርስዎ ጾሙ፣ እሺ። ቡሬን ማን አስጾማት? እኔ እንኳ በረመዳን ላም አላስጾምኩም!"

"አይ አንቺ! ትረፍ ብዬ ነው እንጂ።"

"ወተት ግት ውስጥ ተዘግቶበት ዕረፍት የለም።"

እትዬ መርፌ ፈለጉ። ናዕማ ግን አንቲባዮቲክ ከተወጋች ወተቱ ለቀናት እንደሚደፋ ነገረቻቸው። ጾሙ ሊፈታ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፤ የወሩን መኖ የሚገዙት ደግሞ ጾሙ በሚፈታበት ቀን ከሚታዘዘው ወተት ገንዘብ ነው።

"ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች። በዕፅዋት እንሞክር። ትኩሳት ከመጣ ግን እሬት ምናምን አልሰማም፣ መርፌ ነው" አለች ናዕማ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በየሦስት ሰዓቱ ማለብ፣ የታመመውን ወተት ርቆ መድፋት፣ ግቱን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ እሬትና እርድ አድቅቆ መቀባት። እሬቱ ከእኔ አጥር ተቆረጠ። በረቱ ላይ አሸዋ ደፋን። ናዕማ በየጠዋቱ እየመጣች ሙቀቷን ትለካለች።

በሦስተኛው ቀን ሥዩም ለጾሙ ፍቺ ወተት ሊያዝዝ መጣ። የእትዬ እጅ እስከ ክርናቸው ቢጫ ነው።

"እትዬ፣ አልጫው ለማን ነው?"

"ለቡሬ። ግቷ ታሟል። እስኪድን ወተት የለም።"

"ሌላ ጋ ብሄድ እኮ እንዲህ ብለው አይነግሩኝም።"

"አይነግሩህም። አንተም አትጠይቅም።"

ሥዩም ሳቀ። ቢሆንም ከትዕዛዙ ግማሹን ለሌላ ሰጠ።

በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ በሰባተኛው ጥቁሩ ሳህን ላይ ንጹሕ ወተት ወረደ። ናዕማን "እሬቱ ነው ያዳናት?" ብዬ ጠየቅኋት። "እሬቱም ይሁን ቶሎ ቶሎ መታለቧ፣ ለይቼ አልምልም። በጊዜ ባትጠሩኝ ግን ሁለቱም አይበቁም ነበር" አለችኝ።

ለፍቺ ግማሹ ትዕዛዝ ደረሰ። ሌላው ግማሽ እስካሁን አልተመለሰም። እትዬ አሁን ጾም ቢሆንም ባይሆንም ሁለት ጊዜ ያልባሉ፤ የተረፈውን የሰፈሩ ልጆች ይጠጡታል።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው አንድ ነገር አክዪልኝ አሉ፦ "ወተት የምትገዙ ሁሉ፣ ላሟ ታማ እንደሆነ፣ መርፌ ወስዳ እንደሆነ ጠይቁኝ። አዎ ካልኳችሁ እስክትድን ተዉኝ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ስለነገርኳችሁ አትራቁኝ፤ ተመለሱ።"