ድምፅ የሌላት ትንሿ ቴሌቪዥን

ባለቤቴ ገመድ አይጥልም ነበር። የተቃጠለ የሬዲዮ ገመድ፣ የጠፋ ስልክ ቻርጀር፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ሽቦ፣ ሁሉንም እየጠቀለለ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል። «አንድ ቀን ይፈለጋል» ይለኛል። ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ቆርቆሮው ከጫማዎቹ ኋላ ተገኘ። ከላይ ያለውን ጥቅል ፈታሁት። በአንድ በኩል አንድ ቀጭን ጫፍ፣ በሌላው በኩል ሁለት፣ ቢጫና ነጭ። ወዲያው አወቅሁት። የአጎቴ የደምሰው የካሜራ ገመድ ነው። አጎቴ ካሜራውን የሸጠ ጊዜ ባለቤቴ ለምኖ ወስዶት ይሆናል። ልብሱን ማጠፌን ተውሁና አልጋው ላይ ተቀመጥሁ።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ዝናብ ሲያባራ ነፋሱ የደንገልና የዓሣ ሽታ ተሸክሞ እስከ ግቢያችን ይገባል። እርጥቡ መሬት ላይ በእንጨት እየጫርን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። አጎቴ ደምሰው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነው። የቀረጸውን የሚያይባት አንዲት ቀይ ቴሌቪዥን ነበረችው። ከወረታ ነጋዴ ነው የገዛት። ከላይ ዕጀታ አላት፤ እንደ ዘንቢል አንጠልጥሏት ይሄዳል። መስታወቷ ከደብተር አይበልጥም።

ገመዱን ሲሰካ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከቦት ይቆማል። በካሜራው ጎን ያለችውን የጎማ ክዳን በጥፍሩ ይከፍታል፤ ቀጭኑን ጫፍ እዚያ ያስገባል። ቢጫው ምስል ነው፣ ነጩ ድምፅ። ከቴሌቪዥኗ ጀርባ ግን ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር። ቢጫው ይሰካል፤ ነጩ የሚገባበት አጥቶ በጎን ይንጠለጠላል። መስታወቷ መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ታርመሰምሳለች፤ ከዚያ ሰው ብቅ ይላል፤ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ይዘፍናል፤ ግን አይሰማም። «ምስሉ ይግባ እንጂ ለድምፁ እኔ አለሁ» ይላል አጎቴ። ከዚያ በሰዎቹ ሁሉ ፈንታ እየተናገረ ያስቀን ነበር። አንዷ ሴት አፏን ስትከፍት «ይቺ ደግሞ ‹ዶሮው እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ?› እያለች ነው» ይላል። ሚዜው ሲያጎነብስ «‹ጫማው የተውሶ ነው፣ እንዳትረግጡኝ!›» ይላል በቀጭን ድምፅ። እናቴ እንኳ ሥራዋን ትታ በር ላይ ቆማ ትስቅ ነበር።

ከእኛ ጋር አንተነህም ይኖር ነበር። የአባቴ ታላቅ እኅት፣ የዱርቤቴዋ እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ወንድ ልጅ ነው። በሞተር ጀልባ ሰው ወደ ደሴቶቹ እያመላለሰ ይሠራል። ማታ ሲመጣ ልብሱ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል፤ ከኪሱ ዘይቱን እያወጣ ያድለናል። በደንገል ቅጠል ማፏጨት ያስተማረኝ እሱ ነው።

እትዬ ዘርፌ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ከዱርቤቴ መጡ። ዓይናቸው ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐይቁ ድንገት ተናወጠ። የአንተነህ ጀልባ ተገለበጠች። ሰዎቹ ተረፉ፤ እሱ አልተረፈም።

ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ተሰብስበው ተመካከሩ። ሐኪሙ «እንባ እንዳይነካው፣ እንዳያጎነብሱ» ብሏል። አሁን ቢነገራቸው ዓይናቸውም ይጠፋል አሉ። ስለዚህ ዓይናቸው እስኪድን መርዶው ይቆይ፤ ከዚያ በወጉ፣ በንጋት፣ የነፍስ አባታቸው ባሉበት ይነገራቸው ተባለ። ልጃቸው ያለ እሳቸው ተቀበረ። ድንኳኑ የተተከለው ከእኛ ሰፈር ርቆ፣ በሌላ ዘመድ ግቢ ነው። እናቴ ለቅሶ ውላ ስትመጣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ቤት ትገባለች፤ ጥቁር ልብሷን አውልቃ አበባማውን ትለብሳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች። ከዚያ ነው ወደ ቤት የምትመጣው። እኛ ልጆች «አንተነህ ለሥራ መተማ ሄዷል» በሉ ተባልን። አልን።

እትዬ ዘርፌ ከሆስፒታል ወጥተው እኛ ቤት አገገሙ። እሽጉ በተፈታ ጊዜ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ እያስጠጉ አዩ። «ይቺ ልጅ ለካ ጠይም ናት! እኔ እኮ ቀይ ትመስለኝ ነበር» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው «በሉ አንተነህን አምጡልኝ፤ በአዲሱ ዓይኔ ልየው» አሉ።

«መተማ ነው እኮ፣ እትዬ» አለ አጎቴ።

«መተማ ሰማይ ላይ ነው? እናት ዓይኗን ተሠርታ ልጅ የማይመጣበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?»

በየቀኑ ይጠይቃሉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ ያለው ነገር ይወድቅባታል። አጎቴ መቻል ሲያቅተው አንድ ከሰዓት በኋላ ካሜራውንና ቀይዋን ቴሌቪዥን ይዞ ገባ። «እትዬ፣ መተማን ማምጣት ባልችል አንተነህን በዚህ አሳይዎታለሁ።» የእትዬ ዘርፌ ሴት ልጅ ባለፈው ጥር ተድራ ከባሏ ጋር ዓረብ አገር ሄዳ ነበር፤ አንተነህ በእኅቱ ሠርግ ሲጨፍር አጎቴ ቀርጾታል። አባቴ ሥራ ላይ ነበር፤ ቢኖር ኖሮ አይሆንም ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቢጫው ተሰካ። ነጩ ተንጠለጠለ። እትዬ ዘርፌ በርጩማቸውን ስበው ከመስታወቷ ፊት ተቀመጡ። አንተነህ ነጭ በነጭ ለብሶ ብቅ አለ፤ ትከሻውን ያርገፈግፋል። አጎቴ ድምፁን ሰጠው፦ «‹እማዬ! ወገቤን ያየሽ እንደሆነ ልዳርህ ልዳርህ እንዳትዪኝ፣ ገና ነኝ!›»

«ሞላጫ!» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ በደስታ እየተንከተከቱ። «እንዴት ከስቷል ግን! ምግብ አትሰጡትም እንዴ?» መስታወቷን በጣታቸው ዳበሱት። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ መካከል ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ለእሑድ ሠርግ አጎቴን ሊያነጋግሩ የመጡ ናቸው። «መጣሁ፤ ሳልመጣ ካሜራዋን ማንም እንዳይነካ!» ብሎ ወጣ። ይህ የዘወትር ትእዛዙ ነው፤ እኛ ቤት ያቺን ካሜራ የሚነካ አልነበረም፤ እንዴት እንደምትቆምም የሚያውቅ የለም።

ሠርጉ አለቀ። መስታወቷ ትንሽ ጠቆረች። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን አጥር መጣ፤ ብዙ ሰው፤ ጥላ የያዙ ካህናት። ያን ጊዜ በከተማው ካሴት ጠፍቶ ነበር፤ ዓረብ አገር ላለችው ለአንተነህ እኅት ይላክ ተብሎ አጎቴ ቀብሩን የቀረጸው በዚያው በሠርጓ ካሴት መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ይህን አታውቅም።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ንገሩኝ እንጂ፣ ደምሰው የለም ብላችሁ ዝም ትሉኛላችሁ?»

ማንም ድምፅ አልሰጠም። መስታወቷ ውስጥ ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ፣ አፋቸው ይከፈታል፣ አይሰማም። አባቴ ቃሬዛውን በፊት በኩል ተሸክሞ መጣ።

«ወንድሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ዓይን ደኅና ነው፤ አባትሽ ማንን ነው የተሸከመው?»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየች። ሮጣ መስታወቷ ፊት ቆመች፤ ነጠላዋን ዘርግታ ሸፈነቻት። «እትዬ፣ ይተዉት፣ የሩቅ ሰው ነው፣ ዓይንዎን ያደክምብዎታል…»

«ገለል በይ፤ ልጄን ከለልሽብኝ።»

እናቴ ነጠላዋን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ገለል አለች። እትዬ ዘርፌ ግንባራቸው መስታወቷን እስኪነካ ተጠግተው ተመለከቱ። ቃሬዛውን የተከተለውን፣ ከመቃብሩ ዳር የቆመውን፣ አንዱን ፊት ካንዱ እየለዩ በጣታቸው ይከተላሉ። በዚህ መሃል አጎቴ ከውጭ ተመለሰ፤ መስታወቷን ሳያይ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ፣ የአንተነህን ድምፅ ቀጠለ፦ «‹ሚዜዎች፣ ጠጁ ሳያልቅ አንድ ዙር…›» ያን ጊዜ መስታወቷን አየ።

«ሁሉም አለ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ወንድሞቼ አሉ። አንተ እንኳ አትታይም እንጂ አለህ። ጎረቤቱ አለ። እኔ የት ነኝ? ራሴን ፈልጌ አጣሁት።»

አጎቴ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ለዓይንዎ ብለን ነው፣ እትዬ…»

«ዓይኔንስ አዳናችሁልኝ። ማንን ልይበት?»

አላለቀሱም። እናቴ አልቅሱ ብላ ለመነቻቸው፤ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» አሏት። ያን ያህል መራራ ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌዎች የነፍስ አባታቸውን ይዘው በንጋት መጡ፤ እትዬ ዘርፌ ለብሰው፣ መቀነታቸውን አስረው፣ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። የሚነገር መርዶ አልነበረም።

ዱርቤቴ ተመለሱ። ዓይናቸው ከዳነ በኋላ ላኩብን፦ «ያለ እኔ ያለቀሳችሁትን ከእኔ ጋር ድገሙት።» አንድም ሰው አልቀረም። ከባሕር ዳር፣ ከመሸንቲ፣ ከገጠሩ ሁሉ ዘመዱ መጣ። አንተነህ በእኅቱ ሠርግ የለበሰውን ነጭ ልብስና የጀልባ ኮፍያውን አልጋ ላይ አነጠፉት። አባቴ ያንኑ ባዶ ልብስ በቃሬዛ እንደገና ተሸከመ። ካህናቱም ፍትሐት ደገሙ። እትዬ ዘርፌ በልብሱ ራስጌ፣ የእናት ቦታ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ ድምፃቸው እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። አጎቴ ካሜራውን ሳይይዝ ነበር የመጣው። እጁን ይዘው ከጎናቸው አቆሙት። «ዛሬ አንተም ትታያለህ» አሉት።

ይህን መጻፍ ስጀምር ስለ እሳቸው ብቻ የምጽፍ መስሎኝ ነበር።

እኔ ባለፈው ክረምት ለልቤ ሕክምና አዲስ አበባ ተኝቼ ነበር። ባለቤቴ በየማታው ይደውልልኝ ነበር፤ ከዚያ መደወሉን አቆመ። «ስልኩ ተበላሽቷል» አሉኝ ልጆቼ። ተሽሎኝ ባሕር ዳር ስገባ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ወንበሩና ድስቱ ወደ እድሩ ተመልሷል፤ አርባው እንኳ ወጥቷል። ሐኪሙ «ልቧ አይችልም» ብሏቸው ነው። ወንድ ልጄ እያለቀሰ አቀፈኝና «እማዬ፣ ሁሉም ተቀርጿል፤ በጣም ጥርት ያለ ነው» አለኝ። አንድ ጊዜ ደግመን እንድናለቅስ ጠየቅሁ፤ ልብሱን አነጥፋለሁ አልሁ። «እማዬ፣ ሰው እኮ ሥራ አለው» አለችኝ ሴቷ ልጄ፣ ትከሻዬን እየዳበሰች። ክፋት የላትም። ጎረቤቶችም እየመጡ «ኧረ አንቺም፣ እኛ እኮ አልቅሰን ወጥቶልናል» ይሉኛል። ያን ጊዜ ሰው ይዋሽሽ ነበር፤ ሲያጠፋ ግን ሥራውን ጥሎ፣ በእግሩ ተጉዞ መጥቶ ከአንቺ ጋር ባዶ ቃሬዛ ይሸከም ነበር። ዛሬም ይዋሽሻል፤ ካሳው ግን በስልክ ይላካል።

ትናንት ገመዱን ለልጄ አሳየሁት። አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «ይሄ ዛሬ የትም አይሰካም፣ እማዬ።» ከዚያ ሳልጠይቀው ስልኩን አወጣ። ገመድ አላስፈለገውም። አባቱ ግድግዳውን የሚያህለው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ ሣጥን ውስጥ። ለወራት አላይም ያልሁትን አየሁት። ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«አጥፋው» አልሁት።

«ቪዲዮውን?»

«ድምፁን።»

ድምፁን አጠፋው። እኔም በርጩማ ስቤ ተጠጋሁ። ሣጥኑን ተከተልሁ፤ መቃብሩ ዳር ቆመ። በራስጌው በኩል፣ በልጆቼ መካከል፣ የሚስት ቦታ ላይ ክፍተት ፈለግሁ። ትንሽም ቢሆን፣ አንድ ሰው የጎደለ የሚመስል። አልነበረም። ሰው ገጥሞ ቆሟል። ሁሉም አለ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ካንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ስሄድ ልጄ ከኋላዬ ጎንበስ አለ።

«የቱን ላጉላልሽ፣ እማዬ?» አለኝ።