የካፖርቴ የውስጥ ኪስ

ሽጉጧን የገዛሁት ወልቂጤ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ። ቅቤ ልጭን ሄጄ ሳለ ከፖሊስነት ጡረታ የወጣ አንድ ሰው ጓዳው አስገባኝና ከትራሱ ሥር መዘዛት። ጣሊያን ሠራሽ ናት። አጭር፣ ውፍረቷ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማይበልጥ፣ ካርታዋ ሰባት ጥይት የሚይዝ። «ይቺን ታጥቀህ ሚስትህን ብታቅፋት እንኳ አትጠረጥርህም» አለኝ። ዋጋዋን አልናገርም። ያኔም ሚስቴን ዋሽቻታለሁ።

«ቡታጅራ ገበያ ዳር አቡጀዲ የሚሸጥ ሰው ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ይበል። እሱ በደመኛ ዓይን ሥር ሱቁን ከፍቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚያው መንደራችን ውስጥ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር በእንሰት ድንበር ተጣላ። ሁለት እንሰት ነው፤ ሁለት! አንደኛው ነቀለ፣ ሌላው መልሶ ተከለ፣ ቃል ተወራወሩ፣ ወንድሜ በዱላ አናቱን አለው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ወንድሜ በእግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበት፤ ስድስት ዓመት ታስሮ ወጣ። የመንግሥት ፍርድ በዚህ አለቀ። የአገሩ ግን ገና ነው። በእኛ ዘንድ ደም ካልታረቀ ገዳይ የሟችን መንደር አይረግጥም፤ ሟች ይጠጣበት ከነበረው ምንጭ አይጠጣም። ደም የሚፈልገውም ሰው ገዳዩን ካጣ ወንድሙን ይፈልጋል። ወንድሙ ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወንድሜ ከእስር ሲወጣ ቆላ ወረደ፤ ኮሼ ወፍጮ ቤት ገባና እህል ሲፈጭ ይውላል። እናታችን መንደሩ ውስጥ ከወንዙ ማዶ ቀረች። እግሯ አብጦ ከደጇ አልፋ መራመድ አትችልም፤ በቅሎ ላይ እናውጣሽ ብንላት የዳሌዋ ሕመም ያስጮኻታል። እሷ ወደ እሱ አትሄድ፣ እሱ ወደ እሷ አይመጣ። በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? ሳላየው እንዳልሞት።» ሌላ ወሬ አትፈልግም። ስለ ልጆቼም አትጠይቀኝም ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ይከፋኝ ነበር።

ለሽጉጧ ፈቃድ አወጣሁላት፤ በቀይ ማኅተም። ከዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ የካፖርቴን ገበር አስቀድጄ ከግራ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ዝቅ ብሎ የፍየል ቆዳ ኪስ አሰፋሁ። ሰፊው እየሳቀ «ለሰዓትህ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ለሰዓቴ ነው» አልኩት። ሸማኔም ሰፊም አፉ ሰፊ ነው፤ እሱ ግን፣ አላህ ይስጠው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በኋላ ብዙ ጊዜ ምነው በነገረብኝ ብያለሁ።

መተኮስ የተማርኩት ኮሼ መንገድ ላይ ካለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። ቅል ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አሥር እርምጃ እርቃለሁ። ሰዎች ትንሽ ሽጉጥ ቀላል ይመስላቸዋል። ውሸት ነው! ትንሽ ስለሆነች እጅ አትሞላም፤ ሁለት ጣት ይይዛታል፣ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች። በመጀመሪያው ተኩስ ከላይ ያለው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ሥጋ ገሸለጠው። ቅሉ ዝንቡን እንኳ አላስነሳም። ሰባቱንም ጨረስኩ፤ አንድም አልነካሁ። ቆይቶ ግን ለመድኳት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቃታውን ቀስ ብዬ መሳብ፣ ክንዴን ማላላት፣ ሁሉንም ለብቻዬ ተማርኩ። ከሰባት አራት መምታት ስጀምር ደረቴ ተነፋ፤ በገበያ መካከል ስሄድ ጎኔን የሚነካኝ ክብደት ትከሻዬን ቀና ያደርገው ነበር።

ወንድሜ አንድ ቀን ከኮሼ ሊሸኘኝ መጥቶ ስተኩስ አየኝ። ጆሮውን ይዞ አጎንብሶ ቆየ። ዱቄት ከነቅንድቡ ለብሶታል። ስጨርስ «እኔ በዱላ ያደረግኩት አይበቃም?» አለኝ። ተናደድኩ። «አንተ ባመጣኸው ጣጣ ነው እኔ ብረት የተሸከምኩት» አልኩት። የቅንድቡን ዱቄት በእጅጌው ጠርጎ ወደ ኮሼ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ዓመት ተመላለሱ። የሟች ታላላቅ ወንድሞች አሻፈረን አሉ። እሺ ያሉት አባትየው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ለብሶታል፤ ቀንና ማታ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። «እኔም ልጅ ማጣትን አውቀዋለሁ፤ ያቺ ሴትዮ በቁሟ እንዳጣች አትሙት» አሉ ተባለ። ይህን ስሰማ ሱቄ ውስጥ አቡጀዲ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለእናቴ ስነግራት ደግሞ የዚያኑ ቀን ከጉድጓድ ቆጮ አስወጣች፣ ቅቤ አስነጠረች፣ የወንድሜን መደብ አዲስ ጭቃ አስቀባች። ገና ሦስት ሳምንት አለው ብላት አትሰማኝም።

ለዕርቁ የተቀመጠው ግዴታ አንድ ነበር። ከሁለቱም ወገን ብረት ይዞ ዕርቁ ከሚደረግበት፣ ከወንዙ ወዲህ ካለው ዝግባ ሥር የሚቀመጥ የለም። ጩቤ ቢሆን፣ ምላጭ ቢሆን፣ ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ቢሆን። ብረት የያዘ ሰው ለዕርቅ አልመጣም፣ ለጠብ ነው የመጣው። ሁላችንም በዚህ ማልን። እኔም ማልኩ።

የዕርቁ ቀን ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጥይቶቹን ከካርታው አንድ በአንድ አወጣሁ። አፏን ከፍቼ ጣቴን ከትቼ አረጋገጥኩ፤ የጎረሰችው የለም። ጥይቶቹን በመሐረብ ቋጥሬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ሽጉጧን ግን ወደ ኪሷ መለስኳት። ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁት። ያን ጠዋት ያለ እሷ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ጎኔ ቀለለኝ፣ ራቁቴን የወጣሁ መሰለኝ፣ ተመለስኩ። «ጥይት የሌላት ሽጉጥ የበር ቁልፍ ናት፤ መሐላዬን አላፈረስኩም» አልኩ። ለራሴ ጠበቃ ቆምኩለት፤ ዳኛውም እኔው ነበርኩ።

ዝግባው ሥር ስንደርስ ዋናው ሽማግሌ «ብረት ያለው ያውጣ» አሉ። ሰው ሁሉ ያለውን እያወጣ ሣሩ ላይ አኖረ። አጎቴ የጎተራውን ቁልፍ ከመታጠቂያው ፈትቶ አስቀመጠ። ሌላው ባርኔጣው ላይ የሰካትን መርፌ ነቀለ፤ መርፌ! እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ብርቱካን የምልጥበትን ሰንጢ አወጣሁና «አለቀ» አልኩ። ወንድሜ አየኝ። ያውቅ ነበር። ፊቱ ግን ወደ ወንዙ ማዶ ዞረ፤ የእናታችን ቤት ጣሪያ ከዚያ ይታያል፣ ደጁ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። በስንት ዓመቱ አያት። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልተመለሰም።

ፋቲሃ ተቀራ። የእኛ ወገን ስድስት ሰው ነው። እያንዳንዳችን ማጅራታችን ላይ ድንጋይ ተሸክመን ግንባራችንን መሬት ላይ ደፋን። በአገሩ ደንብ አጎቶች ይቀድማሉ፣ የአጎት ልጆች ይከተላሉ፣ ከዚያ ወንድም፣ ገዳዩ መጨረሻ። የሟች አባት እያንዳንዱን በእጃቸው ማንሣት አለባቸው። ገዳዩን ሲያነሡት ደሙ ታረቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በጉ ይታረዳል፣ እሳቸውም እጁን ይዘው ወንዙን ያሻግሩታል።

የሟች አባት ምርኩዛቸውን ጥለው በእጃቸው እየዳበሱ መጡ። የአፈሩ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የአጎቴ ድንጋይ ጧ ብሎ ወደቀ፤ «ተነሥ፣ ትቼልሃለሁ» አሉት። ሁለተኛው አጎቴ። የአጎቴ ልጅ። ሌላው የአጎቴ ልጅ። ከበስተኋላዬ ወንድሜ ትንፋሹን እየቆራረጠ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ከዚያ እጃቸው አናቴ ላይ አረፈ። ድንጋዩን አነሡልኝ። ማየት የሚችል ሰው ክንድ ይዞ ያነሣል፤ እሳቸው ግን ስለማያዩ ሁለት እጃቸውን በጎንና ጎኔ ሰደዱ። ቀኝ እጃቸው ግራ ጎኔ ላይ ቆመ።

ቆመ። አልተንቀሳቀሰም። አንዴ ጫን አድርገው ዳበሷት፤ ከላይ ወደ ታች፣ እጀታዋን፣ አፈሙዟን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ።

«አባባ፣ ባዶ ናት፤ ወላሂ ጥይት የላትም» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አፈር በበላሁ! በሹክሹክታ ብናገር ምን ነበረበት? የሟች ወንድሞች ሰሙ። አንደኛው ካፖርቴን ገልጦ መዠረጣትና በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አደረጋት። ዱላ ወደ ተከመረበት የሚሮጥ ሮጠ፤ ሽማግሌዎች መሐል ገቡ፤ «ገላጋይ! ገላጋይ!» ሆነ። እኔ «ባዶ ናት፣ ክፈቱና እዩ» እላለሁ። ከፍተው አዩ፤ ባዶ ናት። ማን ግድ አለው? የሟች ወንድሞች እዚያው ቆመው ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር ለዕርቅ ላይቀመጡ ማሉ። ሽጉጧን እግሬ ሥር ወርውረውልኝ አባታቸውን ደግፈው ሄዱ።

ወንድሜ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንደተሸከመ መሬት ላይ ነበር። ማንም አላነሣውም። እኔ ላነሣው ስጠጋ «አትንካኝ» አለ። ራሱ ተነሥቶ አፈሩን ከግንባሩ ጠረገ፤ ወንዙን አንዴ አየና ወደ ኮሼ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ልልክ አስቤ ነበር፤ ያን ያህል እንኳ ፈሪ አልሆንኩም። አላለቀሰችም። «አሳየኝ» አለች። አወጣኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠቻት፤ ቅቤ የነካው እጇ ብረቱን አወዛው። «ይቺ ናት?» አለች። «ይቺ ኩርማን?» ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ስለ ልጆቼ ትጠይቀኝ ጀመር። ይህ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ሽጉጧን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳት፤ ጥይቶቹን ከነመሐረቡ አስከትዬ። ምንም አልቀለለኝም።

እናቴ ክረምቱን አልጨረሰችም። መቃብሯ ላይ ወንድሜ አልነበረም። ሰው ልኬበት መጥቶ ከወንዙ ወዲህ ቆሞ ነበር፤ ዝናብ እየመታው ሰልፉን ከሩቅ አይቶ ተመለሰ። ይህን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ከእኔ ጋር መነጋገር ትቷል።

ለቅሶ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን የሟች አባት በምርኩዝ እየዳከሩ ብቻቸውን መጡ። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው «የት ነው ያለው?» ሲሉ ወደ እኔ አመጧቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። የነበረኝ ደህና ልብስ ያው ካፖርት ነው፤ ለብሼው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ግራ ጎኔን ዳበሱ፤ የፍየል ቆዳውን ኪስ አገኙት፤ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አሄዱበት።

«ዛሬስ አልያዝክም» አሉ።

«ጣልኳት፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ ምለዋል፤ እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ መሐላቸውን የምሰብርበት ጉልበት የለኝም» አሉ። እጃቸው ግን ከጎኔ አልተነሣም።

«የማነሣው አንድ ሰው ነበር እኮ የቀረኝ» አሉ።