ሽበቶ ያለበት ኮምፒውተር

የአክስቴን ልጅ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው አሁን የቀረ አይመስለኝም። ሁሉም «ይሠራል» ነው የሚለው። ደንበኛ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ሲመጣ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፈው «ይሠራል» ይለዋል። ውኃ የገባበት ይሠራል፤ ከደረጃ የተንከባለለ ይሠራል። አንዴ አንድ አስተማሪ ድመት የሸናችበት ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ እኔ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ውጭ ስሮጥ፣ ያቺው ቃል ከኋላዬ ተከትላኝ ወጣች። አንድ ክፍል ለሁለት ተካፍለን ነው የምንሠራው፤ እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኔ ጋር በሩ አጠገብ፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ስለዚህ የማወራውን ከሰው አልሰማሁትም።

ይሠራል ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስናደድበት እንዳልረሳው ብዬ ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሰው አይጠይቅም። ያረጀ ኮምፒውተር እጁ ከገባ ውስጡ ያለውን ጠራርጎ ያጠፋና ሊኑክስ ይጭንበታል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነገር ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ለአሮጌ ማሽን ይቀላል፣ ቫይረስም እምብዛም አይደፍረውም። ይሠራል ስለ ሊኑክስ ሲያወራ ላየው ሰው ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስላል። ባለቤቱ መጥቶ «የነበረው የት ሄደ?» ሲለው «ገላገልኩህ» ብሎ ይመልስለታል። ግማሹ ያመሰግነዋል፣ ግማሹ ሰድቦት ይሄዳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አለ መጀመሪያ ብትጠይቅ?» ስለው፣

«ከተጠየቁማ እሺ አይሉም» ይለኛል።

ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሙ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ነድቷል። አባታቸው ከሞተ በኋላ ይሠራልን ያሳደገውም፣ የመጀመሪያዋን አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ «ይኸው፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ከመደባደብ ይህን ፍታና ግጠም» ያለውም እሱ ነው። ጋሼ አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረበት። ስንት ቀን ሙሉ ነድቶ ቤቱ ሲገባ፣ ታጥቦና በልቶ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና የጭነት መኪና ጌም ይጫወታል። ባለቤቱ «አሁን ሰው ከመኪና ወርዶ መኪና ላይ ይወጣል?» ስትለው «እዚህኛው ላይ ፍተሻ የለም» ይላት ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣ ጋሼ መሪ እንደያዘ ለአፍታ አንቀላፋ። መኪናው ገደል ገባ። ጋሼ አከርካሪው ተጎድቶ ሁለት እግሩና ግራ እጁ ሽባ ሆኑ። ረዳቱ ሞተ። ይህ ረዳት ሽበቶ የሚባል፣ ከጋሼ በዕድሜ ብዙ የሚበልጥ ሰው ነበር፤ ድሮ ራሱ ሹፌር ሆኖ ጋሼን ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን አስቀምጦ የተማሪው ረዳት ሆነ። የዚያን ቀን ጋሼ «አንተ ትንሽ አረፍ በል፣ እኔ አለሁ» ብሎት ሽበቶ ተኝቶ ነበር። ጋሼ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፣ ለፖሊስ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው አልጋ ላይ ሆነ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከሆዱ በላይ ይሠራል የሠራለት ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ደህናዋ ቀኝ እጁ። ጌሙ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ራስህ ጭነት ታደርሳለህ፣ ውሎ አድሮ ድርጅት ስታቋቁም ሌሎች ሹፌሮች ትቀጥራለህ፤ እነሱ በራሳቸው ይሄዳሉ፣ ጠዋት ማን የት እንደደረሰ የሚያሳይ ዝርዝር ይመጣልሃል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛ የምናውቀው ጋሼ ጌሙን ከያዘ እንደሚበላ፣ መድኃኒቱንም እንደሚውጥ ብቻ ነበር። ጠጋ ብሎ ምን እንደሚያደርግ ያየ ከመካከላችን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጀርባው ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ ሆስፒታል ገባና ሦስት ሳምንት ቆየ። ይሠራል ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወደ ሱቅ መጣ። እውነትም ማሽኑ ደክሞ ነበር፤ ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።

«ጋሼን ጠይቀኸዋል?» አልኩት።

«ታሞ ተኝቶ ስለ ኮምፒውተር ልነዝንዘው? ሲመለስ ይገረማል።»

«ጌሙስ?»

«ጌሙን ከነፎልደሩ፣ አንዲት ፋይል ሳላስቀር ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ይሠራል አልኩሽ!»

እኔም የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ስለነበር ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስካሁን አልወደውም።

ጋሼ ግማሽ ሆኖ ተመለሰ። አልጋው ላይ ገና ሳይደላደል «ኮምፒውተሬን አምጡልኝ» አለ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ እንዴት ያለ ፍጥነት! ይሠራል እጁን አጣምሮ ምስጋናውን ይጠብቃል። ጋሼ ጌሙን ነካው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ብቅ አለና ጠፋ። ደግሞ ነካው፤ ያው ነው።

«ሁለት ቀን ስጠኝ ጋሼ» አለ ይሠራል።

ሁለቱ ቀን አምስት ሳምንት ሆነ። ችግሩን፣ ምንም ለማይገባው ሰው እንደሚነገር፣ እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ ጌሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ የሚያወራው ከዊንዶውስ ጋር ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ላይ «መንገዱን ሣልልኝ፣ ድምፁን አሰማልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ዋይን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በመሃል ቆሞ ያስተረጉማል። ግን አስተርጓሚውም የማያውቀው ቃል ሞልቷል። አንዱን ዓይነት ዋይን ሲጭን ጥቁር ይሆናል። ሌላውን ሲጭን መኪናው ይታይና መንገዱ የለም፤ ነጭ ባዶ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑ ጨልሞ የሞተሩ ድምፅ ብቻ መጣ። ይሠራል ሊዘጋው ሲል ጋሼ «ተወው» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ሲያዳምጥ ዋለ።

ሱቅ ውስጥ ደንበኛ የምመልሰው እኔ ሆንኩ። «አሁን ወጣ፣ አሁን ይመጣል» እያልኩ ዋሽቼ ሞትኩ። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ የማያውቃቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ያነባል፣ ይሞክራል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ጋሼ መብላት አቆመ። ሁለት ማንኪያ ይቀምስና «በቃኝ» ይላል። በየቀኑ ይሠራል ሲገባ የሚጠይቀው ሌላ የለም፤ «ዛሬስ?» ብቻ ነው።

«ለምን ዊንዶውሱን መልሰህ አትገላግለውም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጫፍ ደርሻለሁ! አንዲት ነገር ናት የቀረችኝ።»

ውሸቱን አልነበረም፤ ግን እልህም ነበረበት። ሊኑክሱ እንዲያፍርበት አልፈለገም። ወንድሙ እየከሳ እሱ ለሊኑክስ ክብር ይሟገታል። ያን ጊዜ በጥፊ ብለው እወድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ገንጥሎ ወጣ። የጎደለችው አንዲት ኢምንት የሥዕል ፋይል ነበረች። አቀፈኝ፤ ቀለሜን ሁሉ ወለሉ ላይ ደፋብኝ። ሱቁን ሳንጠርግ ዘግተን ሮጥን።

የጋሼ ባለቤት ትራስ ደራርባ ቀና አደረገችው። ሙዚቃው መጣ፤ መንገዱ መጣ፤ ቀይ መኪና ዝናብ ውስጥ ቆሞ ታየ። ይሠራል ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ አንድ ገጽ ተከፈተ፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ አዲስ ሹፌር። ስምህን አስገባ» የሚል።

«የኔን ክፈትልኝ» አለ ጋሼ።

«ይኸው ተከፈተ እኮ ጋሼ።»

«የኔን ነው ያልኩህ። ዝርዝሩ የታለ? ሽበቶ የታለ?»

ይሠራል ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ የጋሼን ባለቤት አየኋት። እሷ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

እሷ ናት በረንዳ ላይ ወስዳ የነገረችን። ጋሼ ከአደጋው በኋላ ጌሙ ውስጥ መጀመሪያ ለቀጠረው ሹፌር የሽበቶን ስም ሰጠው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ዝርዝሩን ይከፍትና ስሙን ይፈልጋል። «‹ሽበቶ ደርሷል› ይለኛል። እኔም ‹ተመስገን› እለዋለሁ። ከዚያ ቁርሱን ይበላል። ሽበቶ ሺህ ምናምን ጊዜ ሄዶ ሺህ ምናምን ጊዜ በሰላም ገብቷል።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ይሠራል በሩጫ ወደ ሱቅ ሄደ። የገለበጠውን ፎልደር በታተነው። ጌሙ አለ፤ ሙሉ ነው፤ አንዲት ፋይል አልቀረችም። ግን ጌሙ የተጫዋቹን ታሪክ እዚያ አያስቀምጥም ኖሯል። ሌላ ቦታ፣ የኮምፒውተሩ ባለቤት ደብዳቤና ፎቶ በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ነው የሚጽፈው። በዕድሜው አንድ ጌም የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ይሠራል ጌም ተጫውቶ አያውቅም፤ «የሥራ ፈት ነገር» ነው የሚለው። የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ፈለገ፤ ምንም። ሲያጠፋ ደግሞ እንደ ልማዱ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ሞልቶት ነበር፣ ንጹሕ እንዲሆን፤ በላዩ ከተጻፈበት ወዲያ የድሮው አይመለስም። የሰው ፋይል በማዳን የታወቀ እጅ ነው ይህን ያደረገው።

ሄዶ ፊት ለፊት ነገረው። ለዚህ አከብረዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ዓይኑን ከመስኮቱ ወደ እሱ መለሰ። «አንዴ እኔ ገደልኩት» አለ። «አንተ ደግሞ ደገምከው።»

ይሠራል መሬት ተቀመጠ። «ስሙን መልሼ እጽፈዋለሁ» አለ እየተንተባተበ። «ፋይሉ ውስጥ ገብቼ፣ ስንት ጊዜ እንደሄደ፣ የት የት እንደደረሰ፣ ልክ እንደነበረ...»

«ያልሄደውን ሄደ፣ ያልደረሰውን ደረሰ ልትለኝ ነው? ሂድ ከፊቴ።»

ጋሼ አራት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሐኪሙ መጥቶ የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ሆስፒታል ይመለስ አለ፤ ጋሼ እምቢ አለ። በአምስተኛው ቀን ይሠራልን አስጠራው።

«ክፈተው። አንተ ንዳ።»

«እኔ መንዳት የት አውቄ ጋሼ?»

«አታውቅም። ይቅርም አላልኩህም። ንዳ።»

ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይሠራል ወንበሩን ከአልጋው አስጠግቶ ይነዳል። እንዴት ያለ አነዳድ! ምሰሶ ይገጫል፣ አጥር ይዞ ይሄዳል፣ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ተጣጥፎ ይቀርበታል። ጋሼ ከጎኑ ተጋድሞ «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ! አሁን መሪውን ወደ ግራ... ግራህን አታውቅም?» ይለዋል። የጋሼ ባለቤት ኩሽና ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ወዲያው ደግሞ ስታለቅስ። እኔ ጋሼ ላይም ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ከባድ ቃል ወንድሙ ላይ ጭኖ ሊሄድ ነው እያልኩ። ቃሉን ግን አላነሳለትም።

አሥራ ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። እኔና የጋሼ ባለቤት በሩ ላይ አንሶላ እያጠፍን ነው። የያዙት ጭነት ሩቅ አገር የሚሄድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያስነዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ «ደከመኝ፣ ትንሽ ልረፍ» አለ። «አንተ እንዳታንቀላፋ።»

«እሺ ጋሼ። እኔ አለሁ።»

ይሠራል ድምፁን ቀነሰለት። በሁለት እጁ ቁልፎቹን ይዞ፣ ወደ ስክሪኑ አጎንብሶ፣ ቀስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጋሼ ባለቤት መድኃኒቱን ይዛ ገባች። የጋሼን ቀኝ እጅ ነካች፤ ቀዝቅዟል። ቀና ብላ አየችኝ። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ይሠራል ዞር አላለም። ያወቀ ይመስለኛል። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። «እባካችሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።» እኛም ቆመን ጠበቅነው። ከተማውን አለፈ፤ መጋዘኑ ጋ ደረሰ፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ፣ ምንም ሳይነካ፣ ቀጥ አድርጎ አስገባው። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ነው የዞረው።

አሁን ወደ ሱቁ ተመልሷል። ሊኑክሱንም ይጭናል፣ «ይሠራል»ም ይላል፣ እንደ ድሮው ቶሎ አይደለም እንጂ። ኮምፒውተር ሲመጣለት ከመክፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ውስጡ ማን አለ?»

«ምን አለ ማለትህ ነው?» ይሉታል።

«ማን አለ ነው የምልህ።»

ብዙዎቹ ይስቁና ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ፤ ሰውዬው ጤና የለውም ወይ እንደማለት። እኔ ኮፒዬን እቀጥላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ሴትዮ ጥያቄውን ሰምታ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን ላፕቶፕ መልሳ አነሳች፣ ታቀፈችው፣ ከማሽኔ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይም ቁጭ አለች።