መወጣጫው ላይ የቆመው መኪና

ሱሉልታ ውስጥ ነው። መራመድ የማትችለውን እህቴን ጫልቱን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ ክሊኒክ ወሰድኳት። የወንበር መወጣጫውን አንድ መኪና ዘግቶታል።

«ባለቤቱ ውስጥ ነው፣ ታገሡ» አለን ጥበቃው።

ፀሐይ ላይ ቆየን። እኔ ስድብ እያዘጋጀሁ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ አባቱን አዝሎ፣ እያለከለከ በደረጃው ወረደ። መኪናው የእሱ ነበር።

«ይቅርታ፣ አባቴ ድንገት ወድቀውብኝ ደንግጬ ነው። አሁን ደግሞ ራጁ የሚነሣው በክሊኒኩ ጓሮ ባለው ሕንፃ ነው አሉኝ፤ የክሊኒኩ ወንበር ተሰብሯል» አለ።

ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። ጫልቱ ግን ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ መኪናህን ከመወጣጫው አንሣ። ከዚያ አባታችንን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው፤ እስክትመለሱ እኔ መኪናህ ውስጥ እጠብቃለሁ።»