ፎጣ ይዤ ውኃው ዳር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም አልለመድኩም። ግን ጌታ ያደረገልኝን ውጬ ከማስቀር ተንተባትቤም ቢሆን ልናገር ብዬ ወጣሁ። ስሙ ይባረክ።

ያን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየውን፣ ሜዲትራንያን ላይ የሰጠመውን መርከብ ታስታውሳላችሁ። እኔ እዚያ ላይ ነበርኩ። ልጄ ሜላት በሆዴ ነበረች። መርከቡ ሲገለበጥ ባለቤቴ ባዶ ጀሪካን አስታቀፈኝና «አትልቀቂ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከውኃው ካወጡን የሌላ መርከብ ሰዎች አንዱ አንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ አውርዶ ጠቀለለኝ። ስሙን አላውቅም። ሙቀቱ ግን እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ አለ።

ወደ ግብፅ መለሱን፤ ሜላትን እዚያ ወልጄ ከካይሮ በስፖንሰር ቶሮንቶ ገባሁ። ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ስለ ጌታ ስትነግሩኝ በሩን ዘጋሁባችሁ። ባሌን ያልያዘ እጅ ለእኔ ምን ያደርግልኛል እል ነበር። ጌታ ግን አልተወኝም። አንድ እሑድ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስሙን ጠራሁ፤ ተቀበልኩት። ሃሌ ሉያ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጣ ሰው ሲበርደው ማየት አልችልም። ጽዳት ሠርቼ ከማገኘው ኮት፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ እገዛለሁ፤ የቢልዲንጋችን ሰዎችም ያመጡልኛል። ቤቴ መጋዘን ሆነ። የአገር ልጆች «በጎ አድራጊ» ብለው ሸለሙኝ፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። ወገኖቼ፣ ያቺ በጎ አድራጊ ግን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውኃ መሙላት አትችልም ነበር። ልጄን ያጠብኳት በባልዲ ነው። ወደ ሰብዌይ ባቡር የሚወስደው አውቶቡስ የወንዙን ድልድይ ሲሻገር ዓይኔን እጨፍን ነበር። የምታክመኝ ሐኪምም ድንጋጤው ገና ከውስጤ እንዳልወጣ፣ ምናልባትም ጨርሶ ላይለቀኝ እንደሚችል ነገረችኝ።

ስለዚህ ጌታዬ ያዘዘኝን ጥምቀት መፈጸም አቃተኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰው በተጠመቀ ቁጥር ፎጣ አጥቤ፣ አጣጥፌ ውኃው ዳር እቆማለሁ፤ የሚወጣውን ሁሉ እጠቀልላለሁ። እህት ስንዱ «ብርቄ፣ አንቺ መቼም ደረቅ እንደሆንሽ መንግሥተ ሰማያት ልትገቢ ነው» ትለኛለች። አብሬያት እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሜላት ልጠመቅ አለች። ፓስተርን ስንቴ ኮል አደረግኳቸው! ውኃው የት ድረስ ነው፣ ወለሉ አያዳልጥም ወይ፣ በሁለት እጅዎ ነው የሚይዟት? እሳቸውም ሳይሰለቹ «አልለቃትም» ይሉኛል።

እሑድ ደረሰ። ፎጣዬን ይዤ ቆምኩ። ፓስተር ልጄን ውኃው ውስጥ አጠለቋት። እየሳቀች ወጣች። ሮጬ ጠቀለልኳት። እሷ ግን ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደችና በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው።

«ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ። አሁን እኔ ልያዝልሽ።»

«ልጄ፣ አልችልም» አልኳት።

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለች። ፎጣውን ግን አላጠፈችውም። ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትጠብቀኛለች። እናት ነኝ፤ ቶሎ ካልገባሁ ጉንፋን ሊይዛት ነው። ጫማዬን አወለቅሁ።

በደረጃው ወረድኩ። ጀሪካን የለ፣ የሚጨበጥ ነገር የለ። ፓስተር ጀርባዬን ደግፈው «እህት ብርቄ፣ አልለቅሽም» አሉኝ። አፉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ግን የጌታዬን ድምፅ ሰማሁ፤ ውኃው ውስጥ አጠለቁኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጀሪካኑን አጥብቄ በመያዜ የተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ራሴ ተይዤ ነበር! ስለ ባለቤቴ ሁሉን አላውቅም፤ በማን እጅ እንዳለ ግን አሁን አውቃለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ስወጣ ልጄ ጠቀለለችኝ። የእህት ስንዱ እልልታ ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር።

ዛሬ ገንዳዬን ሞልቼ እታጠባለሁ። ሐኪሟ ምን እንዳደረግሁ ስትጠይቀኝ ጌታ ነው ያደረገው አልኳት። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ የመጡትን ቤተሰቦች ይዤ በጀልባ ሐይቁ ላይ ወዳለው ደሴት ተሻገርኩ፤ ዓይኔን ሳልጨፍን! ሁሉንም ኮት አስይዤያቸው ነበር። ሜላት «ማሚ፣ ጁላይ እኮ ነው» አለችኝ። ይሁን፤ ሐይቅ ላይ ይነፍሳል።

በፍርሃት ዳር ላይ የቆምሽ እህቴ፣ የቆምክ ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ጥምቀት ደርሷል። እሱ አይለቅም፤ እኔ አይቻለሁ። ኑ፣ ግቡ። ፎጣው በእኔ ነው።